ሁለት ማንኪያ ስኳር

ነገሩ ሁለት ማንኪያ ስኳር ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ሮም ውስጥ ተቀጥሬ በምኖርበት ቤት፣ በማስታምማቸው የሰማንያ ስድስት ዓመት እናት የቡና ስኒ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ አማሰልሁ። ለቅርብ ወዳጆቼ ስነግራቸው “ታዲያ ምን አለበት?” ይሉኛል። ምን እንዳለበት ላስረዳ ስሞክር ቃላት ያጥሩኛል፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርሁትም ስለዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዐቢይ ጾም መጥቶ ሄዷል፤ እኔ ግን ከዚያች ስኒ ፊት ገና አልተነሣሁም።

የተወለድሁት በጉራጌ፣ በእምድብር አካባቢ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው። የግዕዝ ሥርዓት ልጅ ነኝ፤ ቅዳሴያችን በግዕዝና በአማርኛ፣ የዘመን አቆጣጠራችንም የአገራችን ነው። ጣልያን ከመጣሁ ጀምሮ የምሠራው ሥራ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ “ባዳንቴ” የሚለው ነው፤ አረጋዊ ሰው መጠበቅ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ሌሊት መነሣት። የምጠብቃቸውን እናት “ሲኞራ” እላቸዋለሁ፤ እዚህም በዚሁ ይጠሩ። ሕመማቸው የመርሳት ሕመም ነው። በልጅነታቸው የተማሩትን የላቲን ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳቱ ይወጡታል፤ ትናንት ማታ ምን እንደ በሉ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ማን እንደ ጠየቃቸው ግን አያስታውሱም።

ማበጠሪያው ላይ የቀረ አመድ

በዚያ ዓመት የጣልያን ካቶሊኮች የሚከተሉት የላቲን ሥርዓት ጾም የገባው የካቲት 6፣ ረቡዕ ዕለት ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በአቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ባለችው በቅድስት ሳቢና ቤተ ክርስቲያን አመዱን ባርከው ጾሙን ሲጀምሩ፣ እኔ ሲኞራን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወደ ሰፈራችን ቁምስና ወሰድኋቸው። እኛ በግዕዝ ሥርዓት የአመድ ረቡዕ የለንም፤ ስለዚህ ይህን ቀን ሁልጊዜ እንደ እንግዳ ነው የምመለከተው። በብዙ አገር ካህኑ አመዱን በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል፤ በጣልያን ግን አናት ላይ ይነሰንሰዋል። አመዱ የሚገኘው ባለፈው ዓመት በሆሣዕና ከተባረከው የወይራ ቅርንጫፍ ነው፤ እኛ ዘንባባ ሰንጥቀን በጣታችን ላይ ቀለበት በምናደርግበት በዓል እነርሱ ወይራ ይይዛሉ። ካህኑ ቆንጥሮ በነጭ ፀጉራቸው ላይ ሲበትን “ንስሓ ግቡ በወንጌልም እመኑ” አለ። ሲኞራ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ። ወጥተን መንገዱን ከመሻገራችን በፊት የት እንደ ነበርን ረስተውት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ግራጫ ብናኝ በማበጠሪያው ጥርሶች መካከል ቀረ። “ምንድን ነው ይሄ?” አሉኝ። “አመድ ነው፤ ትናንት ኳሬዚማ ገባ” አልኋቸው። ጣልያኖች ዐቢይ ጾምን የሚጠሩበት ይህ ቃል ከአርባ ቁጥር የመጣ ነው። ሲኞራ ጾም ሳያውቁ እንደ ገባባቸው ሰው ደነገጡ። አማተቡ። ከዚያም “ታዲያ እኔ ምን ልተው?” ብለው በጠረጴዛው ላይ ያለውን አንድ በአንድ መመልከት ጀመሩ፤ ዳቦውን፣ ማርማላታውን፣ ወተቱን። በመጨረሻ የስኳሩን ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ገፉት። “ይህን አንሺልኝ” አሉ።

ስኳር ለእርሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሮም በጀርመን ጦር እጅ ሳለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የአንድ ሰው የዳቦ ድርሻ በቀን ወደ መቶ ግራም የወረደበት ወቅት ነው። ስኳርን በወሬ እንጂ በአፍ አናውቀውም ነበር ይላሉ። እናታቸው ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ አንድ እፍኝ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ሸሽጋ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ የት እንዳለ እያወቁ አንዳቸውም አልነኩትም። በፋሲካ ማለዳ ለእያንዳንዳቸው በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠረች አቀመሰቻቸው። ይህን ታሪክ ሲኞራ ሲነግሩኝ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ያርሳሉ፤ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ጣዕሙ ከአፋቸው አልጠፋም።

ዓርብ ማለዳ ሁሉም እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። “ዛሬ ምን ቀን ነው?” “ዓርብ ነው፤ ኳሬዚማ ገብቷል።” ድንጋጤው፣ ማማተቡ፣ ዳቦውን፣ ማርማላታውን፣ ወተቱን አንድ በአንድ ማየቱ፣ ስኳሩን ወደ እኔ መግፋቱ፣ ከዚያም የእናታቸው ወረቀት። ቅዳሜም እንዲሁ፤ እሑድም እንዲሁ። አንድ ቀን ብቻ ዓይናቸው በማርማላታው ላይ ዘለግ ላለ ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ስኳሩ ተመለሰ። ትናንት መተዋቸውን ስለማያውቁ ዛሬ የሚተዉት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው። ይህ ሁሉ በትንሹ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ እኔ አሞቀዋለሁ።

የያዝሁት ሚዛን

እውነቱን ልናገር። በዚያ ጊዜ ይህን ሁሉ የማየው ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ተቀምጬ ነበር። የላቲን ሥርዓት ሕግ በጣም ቀላል ሆኖ ይታየኛል። የግድ የሚጾመው የአመድ ረቡዕና ስቅለት ብቻ ነው፤ በእነዚህም ቀናት አንድ ሙሉ ማዕድ ይፈቀዳል፤ ከሥጋ መከልከሉ ደግሞ ለዓርብ ነው። ጾሙ የሚያስገድደው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይና ከስድሳ በታች ያለውን ጤነኛ ሰው ነው። እንግዲህ ሲኞራ በዕድሜም በሕመምም ከሕጉ ነፃ ናቸው። “አንድ ማንኪያ ስኳር ትቶ ጾምሁ ይባላል?” እል ነበር በልቤ።

በእኛ ቤት ጾም ማለት ሌላ ነው። የጉራጌ አገር ምግብ ያለ ቅቤ አይታሰብም፤ ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቡናው ሳይቀር ቅቤ ይነካዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ የቅቤውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላ ከዓይናችን ታርቀዋለች፤ ከዚያ ሃምሳ አምስት ቀን ቆጮና ጎመን በዘይት ነው። እርሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ከበሮውም በቤተ ክርስቲያን ዝም ይላል። ላቲኖቹ ደግሞ “ሃሌ ሉያ” የሚለውን ቃል ከአመድ ረቡዕ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴያቸው ያስወጡታል፤ እኛ ዘንድ ዝም የሚለው መሣሪያው ነው፣ እነርሱ ዘንድ ዝም የሚለው ቃሉ ነው። ይህን ልዩነት ባወቅሁ ጊዜ እንኳ ከመደነቅ ይልቅ ማመዛዘን ነበር የቀደመኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፣ በየማለዳው ፊቴ የሚሆነውን ነገር አይቼው አላየሁትም።

ኋላ ነው ነገሩን መለስ ብዬ ያጤንሁት። ሕጉን ያቀለሉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1966 ዓ.ም. ባወጡት ድንጋጌ የግዴታውን ቀን ሲያሳንሱ ንስሓን አላስቀሩትም። ከሕግ ላይ አንሥተው በምእመኑ ላይ አኖሩት እንጂ። ምን እንደሚተው፣ በምን እንደሚተካው፣ በጸሎት ወይስ በምጽዋት፣ ሰው ራሱ ይምረጥ አሉ። እኔ ያደግሁት ሁሉ ነገር ተመርጦ በተሰጠበት ጾም ውስጥ ነው፤ ቅቤውን እናቴ ደበቀችው፣ ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ቆጠረችው፣ መንደሩ ሁሉ ስለሚጾም እኔም ጾምሁ። ያ ጸጋ ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ፣ እጠብቀዋለሁም። ነገር ግን “ታዲያ እኔ ምን ልተው?” ብዬ በባዶ ሆዴ ከማዕድ ፊት ተቀምጬ የጠየቅሁበትን አንድ ቀን ላስታውስ ብሞክር አላገኘሁም። ሲኞራ ግን በየቀኑ ይጠይቁ ነበር።

መጋቢት 2

የእኛ ጾም የገባው የላቲኖቹ ወደ አራት ሳምንት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። እሑድ መጋቢት 1 ዘወረደ ነበር፤ በሰፈራችን ቁምስና ደግሞ በጾሙ አጋማሽ ካህኑ ሐምራዊውን ትቶ የጽጌረዳ ቀለም የሚለብስበት የደስታ እሑድ ነበር። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ለእናቴ ደወልሁ። “እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሰሽ ልጄ” አለችኝ። “እንኳን አብሮ አደረሰን” አልኋት። ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከቤቴ ጋር አንድ ማዕድ የተቀመጥሁ መሰለኝ።

ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ሲኞራ አራት ጊዜ ተነሥተዋል፤ አንድ ጊዜ ባላቸውን ፍለጋ፣ ሌላ ጊዜ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ ብለው። ቡና ስላልጠጣሁ ራሴን ይከፍለኛል። የሚታጠብ አንሶላ ተከምሯል። ሞካው፣ የቡና ማፍያው፣ እሳት ላይ ሲንተከተክ ቆሜ ስሰማው፣ ስለሚመጣው ግማሽ ሰዓት አሰብሁ። ጥያቄው፣ ድንጋጤው፣ ማማተቡ፣ የእናታቸው ወረቀት። አልቻልሁም። “ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይረሱታል” አልሁ ለራሴ። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእርሱ የወጣ ነው። የስኳሩን ዕቃ ከፍቼ ሁለት ማንኪያ ጨመርሁ፣ አማሰልሁ፣ ዕቃውን ወደ ሣጥኑ መልሼ ስኒውን ፊታቸው አኖርሁ።

ፉት አሉ። ቆም አሉ። ከንፈራቸውን በምላሳቸው አረሱ። ከዚያም ፊታቸው ቀስ እያለ ሲበራ አየሁት፤ ያን ብርሃን በእርሳቸው ፊት ላይ ከዚያ ቀደም አላየሁትም።

“ጣፋጭ ነው” አሉ። “ፋሲካ ደረሰ?”

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን “አዎ፣ ሲኞራ” አልሁ።

ስኒውን አስቀምጠው እጃቸውን አጣመሩና መዘመር ጀመሩ። ምዕራባውያን በትንሣኤ ወራት ለእመቤታችን የሚዘምሩት፣ በየስንኙ መጨረሻ ሃሌ ሉያ ያለበት “ሬጂና ቼሊ” የተባለው የላቲን መዝሙር ነው። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ግን አንድም አልጎደለም። ሃሌ ሉያ በጾሙ አጋማሽ፣ ሰኞ ማለዳ፣ አንሶላ በተከመረበት ቤት። ከዚያ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አምጪልኝ አሉ፤ አመጣሁ። ልጄን ደውዪልኝ አሉ፤ ደወልሁ። “መልካም ፋሲካ!” ብለው በስልኩ ሲጮኹ በሌላው ጫፍ ያለውን ዝምታ እኔም ሰማሁት።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጃቸው በእኔ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ፈርቷል። “እናቴ ምን ሆናለች? እንዲህ የባሰባት ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለችኝ። እኔም “ዛሬ ትንሽ ተምታቶባቸዋል” አልሁ።

ስኳሩ የመጀመሪያው ነበር፤ “አዎ” ማለቴ ሁለተኛው። የሚያቃጥለኝ ግን ሦስተኛው ነው። የእኔን ውሸት ወስጄ በሕመማቸው ላይ ጫንሁት። በዚያች ማለዳ በዚያ ቤት ውስጥ ምንም ያልተምታታባቸው ሰው ሲኞራ ነበሩ። በልጅነታቸው የተማሩትን በትክክል አስታውሰዋል፤ ጣፋጭ ከተቀመሰ ፋሲካ ነው። የጾሙን ሥርዓት ከእኔ በተሻለ ያወቁት እርሳቸው ሆነው ሳለ፣ ለልጃቸው አእምሮዋ የጠፋ አሮጊት አድርጌ ሰጠኋት። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስሁም፤ ጾሜን በትክክል ጾምሁ።

“ለማን ብለሽ?”

ሐሙስ ከሰዓት የዕረፍት ጊዜዬ ነው። ወደ አንድ የአገራችን ካህን ሄጄ ተናዘዝሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በባዕድ ቋንቋ መናገር አልችልም ነበር። ስጨርስ አባ ጥቂት ዝም አሉና “ስኳሩን የጨመርሽው ለማን ብለሽ ነው፣ ልጄ?” አሉኝ።

“ደስ እንዲላቸው…” ብዬ ጀመርሁና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ደስ እንዲላቸው አልነበረም። ቶሎ እንዲጠጡ ነበር። ግማሽ ሰዓቱን ለራሴ ለመውሰድ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ እኔም ከሦስት ቀን በኋላ ነው ከአንጀቴ ያለቀስሁት።

አባ ብዙ አላስተማሩኝም። ለልጃቸው እውነቱን እንድነግራት አዘዙኝ። ሁለተኛው ንስሓዬ ይህ ነበር፤ እስከ ላቲኖቹ ፋሲካ ድረስ በየማለዳው ቀኑን እንድነግራቸው፣ ከዚያም ዝም ብዬ እንድጠብቅ። “አትቸኩዪባቸው” አሉኝ፤ “ምርጫው የእርሳቸው ነው።” ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም በዚያ ዓመት ባስተላለፉት የጾም መልእክት፣ በዚህ ወቅት መሥራት ማለት ቆም ማለትም ነው፣ በጸሎት ቆም ማለት፣ እንደ ደጉ ሳምራዊም በቆሰለ ሰው ፊት ቆም ማለት ነው ብለው ነበር። እኔ በቆሰለው ሰው ቤት ውስጥ ነው የምኖረው፤ በፊቱ ግን ቆሜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ወደሚቀጥለው ሥራ እያለፍሁ ነበር።

ለልጃቸው በዚያው ምሽት ነገርኋት። ከሥራ ልትባረሪ ትችያለሽ የሚል ሐሳብ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር ያልጠበቅሁት ነበር፤ “በየቀኑ ስኳሩን ትተዋለች? በየቀኑ?” አለችኝ። “በየቀኑ” አልኋት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ በእኔና በእርሷ መካከል ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድ ነገር ጠራ።

“ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይረሱታል” ወዳልሁት ልመለስ። በዚህ አነጋገር ውስጥ የተደበቀው ፍርድ፣ የማይታወስ መሥዋዕት መሥዋዕት አይደለም የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ግን እኔስ? በሰባት ዓመቴ የጾምሁትን የመጀመሪያ ጾም አላስታውሰውም፤ እናቴ አንዴ ነግራኛለች፣ እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቼ አልቅሼ እንደ ነበር። የት ሄደ ያ ጾም? በአመድ ረቡዕ በላቲን ሥርዓት የሚነበበው ወንጌል የማቴዎስ ምዕራፍ ስድስት ነው፤ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም የተነገረው። “ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ” የሚለው እዚያ ነው። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ ለመልካም ሰዎች የተሰጠ ከባድ ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር፤ ማንም የማይፈጽመው። ሰው ሠርቶ እንዴት ሳያውቅ ይቀራል? እኔ በስልኬ ላይ የጾምሁትን ቀን እየቆጠርሁ ምልክት አደርጋለሁ። ቀኛቸው የሰጠውን ግራቸው በእውነት የማያውቅ አንዲት ሴት ግን በየማለዳው ፊቴ ተቀምጠው ነበር። የሚተማመኑበት ክምችት የላቸውም። “እስከ አሁን ሃያ ስድስት ቀን ጾሜአለሁ” ብለው የሚደሰቱበት ቁጥር የላቸውም። ያላቸው የዛሬው ስኳር ብቻ ነው፣ እርሱንም ይሰጣሉ። እኔ የሰረቅሁት ያን ነው፤ እርሳቸው የነበራቸውን ብቸኛ ነገር።

መታደስ የሚለውን ቃል በጾም ስብከት ብዙ እንሰማዋለን። ስሰማው ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ጾሙ ሲገባ አሮጌ፣ ሲፈታ አዲስ። በሰቆቃወ ኤርምያስ ግን የእግዚአብሔር ምሕረት “ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው” ይላል። ከዚያ ሐሙስ በኋላ በነበሩት ማለዳዎች ቀኑን ነግሬአቸው ዝም ስል፣ በእውነት ሲጀምሩ አየኋቸው። አንድም ቀን “ኤጭ፣ ትቼዋለሁ” ብለው አላሉም፤ ማለት አይችሉም ነበርና። እኔ በሁለተኛው ሳምንት የሚሰለቸኝ ጾም፣ ለእርሳቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን የመጀመሪያ ቀን ነበር። የእናታቸውን የወረቀት ታሪክ ሳላቋርጥ ሰማሁ። አንድ ማለዳ በታሪኩ ውስጥ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነገር ወጣ፤ እናታቸው በማንኪያ ጫፍ ስታቀምሳቸው ለራሷ አልቀመሰችም ነበር፤ ወረቀቱን ብቻ ላሰች።

መጻጉዕ

የላቲኖቹ ፋሲካ መጋቢት 22 ቀን ዋለ። በሮም ቤተ ክርስቲያናት ደወሎች ከጸሎተ ሐሙስ ጀምረው ዝም ይላሉ፤ የሚደወሉት በትንሣኤ ሌሊት ነው። በዚያው እሑድ የእኛ ሥርዓት መጻጉዕ ላይ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የተኛው፣ “ልትድን ትወዳለህን?” ሲባል “ሰው የለኝም” ብሎ የመለሰው ሕመምተኛ የሚታሰብበት። ያን ወንጌል በስልኬ ላይ አነበብሁት፣ በአጠገቤ ሲኞራ ተኝተው ሲያንኮራፉ። “ሰው የለኝም” የሚለውን ቃል ማለፍ አልቻልሁም። እኔ ነበርሁ ለእርሳቸው በውኃው ዳር የተቀመጠችው ሰው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1582 ዓ.ም. ድረስ፣ ሮም የቀን መቁጠሪያዋን እስክታስተካክል፣ እነርሱና እኛ ፋሲካን በአንድ ቀን እናከብር ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይኖሩ የነበሩት፣ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንና ወንድሞቻቸው ከከተማው ጋር አብረው ነው የትንሣኤን ደወል የሰሙት። እኔ ግን በዚያ እሑድ ሠላሳ አምስት ቀን ይቀረኝ ነበር።

“ዛሬ ምን ቀን ነው?” አሉ ሲኞራ፣ ማለዳ።

“ፋሲካ ነው” አልሁ፤ የስኳሩንም ዕቃ ፊታቸው አኖርሁ። ስኒው ውስጥ አልጨመርሁም።

አዩት፤ አዩኝ። “እውነት?” አሉ። ያን ሰኞ አያስታውሱትም፤ እኔ ግን አስታውሰዋለሁና ልምልላቸው አልቻልሁም። ዝም ብዬ መስኮቱን ከፈትሁት። ደወሎቹ ከሰፈራችን ቁምስናም፣ ከሩቁም፣ ከወንዙ ማዶም ይደወሉ ነበር። ሲኞራ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ከዚያም በገዛ እጃቸው አንድ፣ ሁለት ማንኪያ ጨመሩ።

በፋሲካ የሚበላውን፣ በርግብ ቅርጽ የሚጋገረውን ኮሎምባ ስቆርስላቸው አንዱን ቁራሽ ወደ እኔ መለሱት። ቅቤና እንቁላል ያለበት ነው። “እኔ ገና ነኝ ሲኞራ፤ የአገሬ ፋሲካ ከሠላሳ አምስት ቀን በኋላ ነው” አልኋቸው። “ሠላሳ አምስት!” አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ጥቂት አሰቡ። “እንግዲያው አስቀምጪው” ብለው ቁራሹን በወረቀት መሐረብ ጠቀለሉት፤ ጠርዙን እያጠፉ፣ እየጫኑ፣ ረጅም ጊዜ ወስደው ጠቀለሉት። ፍሪዘር ውስጥ አኖርሁት።

ሚያዝያ 27 ቀን ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሼ ማለዳ ሞካውን ጣድሁ፣ የቀለጠውንም ቁራሽ በሰሐን አቀረብሁ።

“ይህ ደግሞ ከየት መጣ?” አሉ ሲኞራ።

“አስቀምጠውልኝ ነው።”

“ማን?”

“እርስዎ።”

ቁራሹን አዩት፣ ወረቀቱንም አነሥተው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ወደ እኔ ገፉት።